ከመከለያው ጀርባ የተጣለው ዳይስ

ድምፁን ያወቅሁት «እንኳን ደህና መጣችሁ» ሲል ነው። ወንበሬን ወደ ጠረጴዛው እየሳብኩ ነበር፤ እጄ ወንበሩ ላይ እንዳለ ቀረ።

ፊቱን ከዚያ ቀን በፊት አይቼው አላውቅም። እሱም የእኔን አያውቅም። ማዲሰን ከተማ ተማሪ በነበርኩበት ጊዜ አንድ ዓመት ያህል በየሳምንቱ በኮምፒውተር አብረን ተጫውተናል፤ ምስል ሳንከፍት፣ በጆሮ ማዳመጫ ብቻ። ጨዋታው እያንዳንዱ ሰው አንድ ገጸ ባሕርይ ሆኖ የሚገባበት ተረት ነው፤ የሚሳካውንና የማይሳካውን የሚወስነው ባለ ቁጥሩ ጠጠር፣ ዳይሱ ነው። እሱ አጫዋቹ ነበር፤ ታሪኩን የሚተርከው፣ ዘቦቹንና ጭራቆቹን የሚያንቀሳቅሰው፣ ሕጉ ሲያከራክር የሚፈርደው እሱ። እኔ ከተጫዋቾቹ አንዷ ነበርኩ። በሰው ፊት መናገር ስለሚከብደኝ ፊት ለፊት አለመተያየታችን ተመችቶኝ ነበር። በኋላ ከጨዋታው ውጭም ይደውል ጀመር። ካላነሳሁ እስካነሳ ይደውላል። አንድ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የአፓርታማዬ በር ተንኳኳና «ሊኔያ፣ ውስጥ እንዳለሽ አውቃለሁ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። አድራሻዬን ነግሬው አላውቅም። ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ተቀምጬ ጉልበቴን አቅፌ ጠበቅሁ። ድምፁ አልጮኸም። ያንኑ ነገር እየደጋገመ፣ በትዕግሥት ይናገር ነበር።

ፍርድ ቤት፣ እሱ ችሎት ባልመጣበት፣ እንዳይቀርበኝ አዘዘው። እኔም ትምህርቴን እንደጨረስኩ ከእናቴ በቀር ለማንም ሳልናገር ሐይቅ ዳር ወዳለች ትንሽ ከተማ ሄጄ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሥራ ያዝኩ። ዳይስ መንካት ተውኩ። ያ የጥር ቅዳሜ ከብዙ ጊዜ በኋላ የመጀመሪያዬ ነበር፤ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ በየዓመቱ የሚደረግ የተጫዋቾች ስብሰባ እንዳለ ሰምቼ፣ ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር አንድ ከሰዓት ተጫውቼ ልመለስ ብዬ ነው የሄድኩት።

አሁን ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጧል። ኮርቢን። ጸጉሩ በደንብ የተበጠረ፣ የሹራቡ ክርን ላይ ቆዳ የተለጠፈበት ቀጭን ሰው። ሌላ ቦታ ባገኘው መንገድ እጠይቀው ነበር።

ቤቴ ከዚያ ሆቴል በመኪና ግማሽ ሰዓት ነው። እዚህ መሆኔን ካወቀ በዚህ አካባቢ እንደምኖር ያውቃል። ይህን ካወቀ በሬን እስኪያገኝ ይፈልጋል። የሚያውቀው ድምፄን ነው አልኩ ለራሴ፤ ካልተናገርኩ አያውቀኝም።

ተነስቼ ልሂድ ብዬ ነበር። ግን የተቀመጥኩት በግድግዳው በኩል ነው፤ ለመውጣት ሌሎቹን ማስነሳት አለብኝ። ደግሞም ልማዱን አውቃለሁ። ሰው ጨዋታውን አቋርጦ ሲሄድበት አይወድም፤ ተከትሎ «ምን አጠፋሁ?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልስ እስኪያገኝ አይለቅም። መልስ መስጠት ደግሞ መናገር ነው።

አንገቴ ላይ የተንጠለጠለው ባጅ ስሜ በትልቁ ተጽፎበታል። ማንም ሳያየኝ ሹራቤ ውስጥ ከተትኩት። በእንዲህ ያለ ስብሰባ ላይ ትክክለኛ ስም የሚጠይቅ የለም፤ እያንዳንዱ ሰው ከፊቱ ታጥፎ በቆመ ካርቶን ላይ የገጸ ባሕርዩን ስም ይጽፋል፤ ቀኑን ሙሉ የሚጠራው በዚያ ነው። የእኔ ካርቶን ላይ «ቲስል» ይላል። ቲስል ትንሽዬ ሌባ ናት።

«እና ቲስል፣» አለ ኮርቢን፣ «እስኪ ስለ ራስሽ ንገሪን።»

ጉሮሮዬን በጣቴ ነካሁና ራሴን ነቀነቅሁ።

«ድምፅሽ ጠፋ?» አለች አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት። «ውይ የኔ ልጅ! በዚህ ብርድ የማን ድምፅ አልጠፋም! ምንም አይደል፤ አንቺ ጻፊልኝ፣ እኔ እናገርልሻለሁ። ወሬ እንደሆነ እኔን ማንም አይከለክለኝም።»

«እውነቷን ነው፣» አለ ከእሷ ወዲያ ያለው ወፍራም ሰው። «ለሁለት ሰው ቀርቶ ለአንድ መንደር ትበቃለች።»

«አንተ ዝም በል፤ ያመጣህ መኪና የእኔ ነው፤ በእግርህ ትመለሳለህ።»

ሴትዮዋ ቨርና ትባላለች፤ ጡረታ የወጣች የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር ናት። ሰውዬው ወንደል ጎረቤቷ ነው፤ የወተት ላሞች ያረባል። ቨርና የምትጫወተው ኦርሞክ የሚባል ጢማም ድንክ ጦረኛ ሆና ነው። ወንደል በጨዋታው ቁስል የሚፈውስ ቄስ ነው፤ «ሕይወቴን ሙሉ ያደረግሁት ላም ማከም ስለሆነ» አለ። በሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር።

ኮርቢን ከፊቱ የካርቶን መከለያ አቆመ። አጫዋቾች ካርታቸውንና ዳይሳቸውን ከተጫዋቾች ዓይን የሚሸሽጉበት ነው።

«አንድ የቤቴ ሕግ አለ፣» አለ። «ስትዋጉ ዳይሱን ራሳችሁ ትጥላላችሁ። ስትደበቁ ግን የምጥለው እኔ ነኝ፤ ከዚህ ጀርባ። ቁጥሩን አልነግራችሁም። የተደበቀ ሰው መታየት አለመታየቱን እንዴት ያውቃል? አያውቅም። የሚያውቀው ሲያዝ ነው።»

«እንዲህማ ልቤ ይቆማል!» አለች ቨርና።

«ጥሩ ነገሩ እሱ ነው፣» አለ ኮርቢን ፈገግ ብሎ።

ያን ሕግ አውቀዋለሁ። በዚያን ጊዜም እንደዚሁ ነበር።

ጨዋታው ተጀመረ። የባሕር ዳርቻ ምሽግ ውስጥ የታሰረ መርከበኛ አለ፤ እሱን ማስፈታት ነበረብን። በወረቀት ቁራጭ ላይ ቶሎ ቶሎ እጽፋለሁ፤ ቨርና ታነባለች፤ ግን እንዳለ አታነበውም፤ ከራሷ ትጨምርበታለች። «በመስኮት ትገባለች» ብዬ ብጽፍ «ቲስል እንደ ድመት ተጠምዝዛ በመስኮት ዘው!» ትላለች። ይህ ደስ አለኝ። በቃሎቿ ውስጥ የእኔ ቃል አይታይም። ጥቂት ቆይቼ ትከሻዬ ላላ፤ እስትንፋሴን ሰማሁት። ኮርቢን ሲተርክ እንደ ድሮው ነው፤ ጥሩ ነው። እርጥብ ድንጋዩን፣ ከሩቅ የሚጮኸውን ውሻ፣ የዘቡን የተበጠሰ የጫማ ማሰሪያ ሳይቀር ይነግራል። ምን ያህል ሰዓት እንዲያ ሲተርክልኝ ኖሯል?

አዳራሹ በጩኸት ተሞልቷል። ካባ የደረቡ ሰዎች የተጠበሰ አይብ በወረቀት ሳሕን ይዘው ያልፋሉ። ማንም እኔን አይመለከትም። ኮርቢንም ቢሆን ሲናገር የሚያየው ቨርናን ነበር።

ከዚያ የምሽጉ ምድር ቤት ደረስን። ኦርሞክ መረብ ወደቀበትና ወለሉ ላይ ተጋደመ። ዘቦች መጡ። እኔ «ቲስል ወደ በርሜሎቹ ትሮጣለች፤ ከኋላቸው ትደበቃለች» ብዬ ጻፍኩ። ሐሳቤ ግልጽ ነበር፤ ዘቡ ኦርሞክን ሊወጋ ሲያጎነብስ ካላሰበበት በኩል መምታት። ካልሆነ ኦርሞክ ይሞታል።

ቨርና አነበበች። ኮርቢን ጣቶቹን አቆላለፈ።

«መደበቅ አትችልም፣» አለ።

«ለምን?» አለች ቨርና።

«ወደ ክፍሉ ስትገባ አይተዋታል። እዚያ መኖሯን ያውቃሉ። መኖሯን ከሚያውቅ ሰው መደበቅ የለም።»

«የለም፣ የለም፣» አለ ወንደል ወደ ፊት ተጠግቶ። «በርሜል እኮ ነው! ክፍሉ ሙሉ በርሜል ነው አልክ!»

«ልክ ነው።»

«ጎተራ ውስጥ ድመት ስትገባ አይቻለሁ። መግባቷን አውቃለሁ። አግኝቻታለሁ? አላገኘኋትም! እስከ ዛሬ አላገኘኋትም!»

«ሕጉ ስለ ድመት አይናገርም፣ ወንደል።»

«እና ኦርሞኬ ሊሞት ነው?» አለች ቨርና። የእውነት ከፍቷት ነበር። «ይኼን ጢም ስንት ዓመት ነው ያሳደግሁት!»

እንዲህ ሲባል እጄ እየጻፈ ነበር። አስቤበት አይደለም። ሕግ ተጣሞ ሲተረጎም ዝም ማለት ድሮም አልችልም፤ በጨዋታ ላይ አንደበቴ የሚፈታው በዚያ ብቻ ነው። ጽፌ ወረቀቱን ገፋሁላት። ቨርና መነጽሯን አስተካክላ፣ ክርክር ነውና እንዳይበላሽባት ብላ፣ በዚያ ከሰዓት ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ሳትጨምር ቃል በቃል አነበበችው፦

«መኖሯን ማወቅና የት እንዳለች ማወቅ አንድ አይደለም። ዘቡ ማወቅ ያለበት የትኛው በርሜል እንደሆነ ነው።»

«አለቀ!» አለ ወንደል ጠረጴዛውን መትቶ። «ዳኛ ናት ይቺ ልጅ!»

እኔ ግን ብዕሩን አስቀመጥኩ። ይህን ዓረፍተ ነገር ከዚህ በፊት ተናግሬዋለሁ። ለእሱ። ይኸው ክርክር በኮምፒውተር ተነስቶ፣ ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ እኔ ስከራከረው አምሽቼ፣ በመጨረሻ የረታሁት በዚህ ነው። በርሜሉ ሳይቀር። ያን ዕለት «እንዳንቺ ሕግ የሚያነብ ሰው አላየሁም» ብሎኝ ነበር፤ ከጨዋታ ውጭ መደወል የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው።

ኮርቢን ወረቀቱን አየ። ከዚያ መከለያውን አየ። ቀና ብሎ ግን አላየኝም፤ ያስፈራኝም ይኸው ነው። ያላወቀኝ ሰው፣ ይህን የጻፈችው ማን ናት ብሎ ባየኝ ነበር።

«ጥሩ ነጥብ ነው፣» አለ በመጨረሻ። «እቀበላለሁ። መደበቅ ትችላለች።»

ከመከለያው ጀርባ ዳይሱ ሲንከባለል ሰማሁ። ቆመ። ረዘም ላለ ጊዜ አየው።

«ተደበቀች ወይስ አልተደበቀችም?» አለች ቨርና።

«ቲስል ይህን አታውቅም፣» አለ። «ትንሽ እንረፍ። ቡና ላምጣላችሁ።»

ተነስቶ ሄደ። ወንደል ስለ ድመቱ ለቨርና ይተርክ ጀመር። አሁን መውጣት አለብኝ አልኩ። ግን የቡናው ጠረጴዛ ያለው በበሩ በኩል ነው፤ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል፤ በሩ ከአጠገቡ ነው። ምናልባት አላስታወሰም ይሆናል። ዓረፍተ ነገር እኮ ነው። ስንት ሰው ተመሳሳይ ነገር ይላል። ደግሞም ክርክሩን ያነሳው ራሱ ነው። ያኔ ተረትቶ የተወውን ፍርድ ለምን መልሶ አመጣው? ረስቶት ነው? ወይስ መልሱን ማን እንደሚሰጠው ለማየት?

ቨርና ክንዴን ነካችኝ። «ምን ሆነሻል? ፊትሽ ነጥቷል።» ራሴን ነቀነቅሁ። «አሞሻል እንዴ? እቤት ላድርስሽ?» ብዕሩን አነሳሁ፤ ከየት እንደምጀምር አላወቅሁም፤ መልሼ አስቀመጥኩት።

ኮርቢን ብርጭቆዎቹን በካርቶን ተሸክሞ መጣ። ለቨርና ቡና በወተት፣ ለወንደል ጥቁር ቡና። በእኔ ፊት ያስቀመጠው ብርጭቆ ቡና አልነበረም።

«ለጉሮሮ ነው፣» አለ፤ ሄዶም ተቀመጠ።

ሽታው ቀድሞ ደረሰኝ። የፈላ ውኃ፣ ከሜፕል ዛፍ የሚቀዳ ጣፋጭ ሽሮፕ፣ ላዩ ላይ የተበተነ ቁንዶ በርበሬ። እናቴ ካደገችበት ሰሜን ያመጣችው መድኃኒት ነው፤ ከእኛ ቤት ውጭ ሲጠጣ አይቼ አላውቅም። ማዲሰን ሳለሁ አንድ ሳምንት እውነትም ድምፄ ጠፍቶ ነበር፤ ምን እየጠጣሁ እንደሆነ ለተጫዋቾቹ በጽሑፍ ነግሬያለሁ። እሱ ያን ሳምንት በየቀኑ እየደወለ፣ እኔ መመለስ ሳልችል፣ ሲያወራኝ ነበር።

ብርጭቆውን አልነካሁትም። እጆቼን ጭኖቼ መሃል አደረግሁ።

«እሺ፣» አለ ኮርቢን። ድምፁ ደስ ያለው ሰው ድምፅ ነበር። «ዘቡ ፋኖሱን ከፍ አደረገ። በርሜሎቹ መሃል ይሄዳል። አይቸኩልም። ሁሉንም በሮች ዘግቷል፤ ጊዜ አለው። ከአንዱ በርሜል ፊት ቆመ። ቲስል ምን ታደርጋለች?»

ሁሉም ወደ ቨርና ዞሩ። ቨርና ወደ እኔ ዞረች። ብዕሩ ከፊቴ ነበር።

ከማዲሰን ጀምሮ የኖርኩት እንደዚህ ነው። መጋረጃ ዘግቼ፣ ስልክ ሳላነሳ፣ ሱፐርማርኬት ውስጥ ለገንዘብ ተቀባይዋ በራስ ንቅናቄ እየመለስኩ። ይህን ሁሉ ያደረግሁት አልታየሁም ብዬ ነው። አሁን አይቶኛል። በግልጽ ከሚያየኝ ሰው መደበቅ እንደማይቻል ሕጉ ላይ ማንም አይከራከርም፤ እሱም እኔም። ዝም ብል ጨዋታው እስኪያልቅ ይጫወትብኛል፤ ሲያልቅ ሌሎቹ ይሄዳሉ፤ ከዚያ የመኪና ማቆሚያው ነው።

«ቲስል ትወጣለች፣» አልኩ።

ድምፄ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ሻከረብኝ። ቨርና ደነገጠች።

«እንዴ! ድምፅሽ…»

«ድምፄ አልጠፋም። ይቅርታ፣ ቨርና።» ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታ ነበር፤ የምናገረው ይሰማ አይሰማ አላውቅም፤ ስለዚህ ጮክ አልኩ። በሰው ፊት ጮክ ብዬ አላውቅም። «ስሜ ሊኔያ ነው። ይህ ሰው ያውቀኛል። ቤቴ ድረስ መጥቶብኛል። እንዳይቀርበኝ ፍርድ ቤት አዝዞታል። ድምፄን ስለሚያውቅ ነው ያልተናገርኩት። አሁን ግን አውቆኛል። ብቻዬን መውጣት እፈራለሁ።»

በጎረቤት ጠረጴዛዎች ያሉት ዞረው አዩን። የኮርቢን ፈገግታ አልጠፋም፤ እዚያው ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ።

«ጨዋታ ላይ ነን እኮ፣» አለ። «ሻይ ነው ያመጣሁላት። ሻይ ማምጣት ወንጀል ሆነ?»

ቨርና ብርጭቆውን ወደ ራሷ ስባ አሸተተችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። ምን እንዳየች አላውቅም።

«ወንደል፣» አለች፣ «ተነስ።»

ወንደል ተነሳ። ሲነሳ ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ ያኔ ነው ያየሁት። ኮርቢንና እኔ መሃል ቆመ፤ ሌላ ምንም አላደረገም፤ እጆቹን ኪሱ ከተተ።

«አቶ አጫዋች፣» አለች ቨርና፣ «ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ነድቻለሁ። ከኋላ ሌላውን ሲያስለቅስ የነበረው ልጅ ሁልጊዜ ‹እኔ ምን አደረግሁ?› ይላል። እዚያው ቁጭ በል።»

ከጎረቤት ጠረጴዛ አንዱ ሮጦ ቢጫ ሸሚዝ የለበሰች የስብሰባው አስተባባሪ ጠራ። ያልኩትን ደገምኩላት፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው አልቀለለኝም። ፖሊስ እስኪመጣ ጎን ካለው ክፍል አስቀምጡት ተባለ። ኮርቢን አልተከራከረም። ዳይሶቹን አንድ በአንድ ከረጢቱ ውስጥ ከተተ፤ መከለያውን አጣጠፈ። ያን ጊዜ ነው ቀና ብሎ ፊቴን ያየኝ፤ ቀስ ብሎ፣ ሊያጠናው እንደሚፈልግ ሰው።

«ሁልጊዜም ልክ ነሽ እልሽ ነበር፣» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «መኖርሽን አውቅ ነበር። የማላውቀው የት እንዳለሽ ነበር።»

ይዘውት ሄዱ።

ለፖሊሱ ሁሉንም ተናግሬ፣ ኮርቢንን ይያዙት ይልቀቁት ሳይነግሩኝ ስወጣ ከሰዓቱ አልፎ እየመሸ ነበር፤ በረዶ ይጥላል። ቨርናና ወንደል በግራና በቀኝ ሆነው መኪናዬ ድረስ አደረሱኝ። ወንደል ጎንበስ ብሎ የኋላውን መቀመጫ በመስታወቱ አየልኝ፤ ሳልጠይቀው።

«ከኋላሽ እንሄዳለን፣» አለች ቨርና። «ወደ ቤትሽ እስከምትገነጠዪበት ድረስ። ከዚያ እኛ ቀጥ እንላለን፤ ቤትሽን ማወቅ የለብንም።»

«ለምን የለብንም?» አለ ወንደል።

«አንተ ዝም በል።»

አውራ ጎዳናው ላይ ከኋላዬ ያሉት መብራቶች የእሷ መሆናቸውን አውቅ ነበር፤ አንዱ ከሌላው ደብዘዝ ይላል። ሆኖም መስታወቱን ማየት ማቆም አልቻልኩም። ሌላ መኪና በመካከላችን ሲገባ እስኪያልፍ ትንፋሼን እይዝ ነበር። ወደ ከተማዬ የሚገነጠለው መንገድ ምልክት በበረዶው ውስጥ ብቅ አለ። ፍሬቻ ለማብራት እጄን ዘረጋሁ። ያ መብራት የእሷ ባይሆንስ ብዬ አላበራሁም። ምልክቱ በቀኜ አለፈ፤ ቀጥሎ ያለውም አለፈ።

ቨርና ቤቴ የት እንደሆነ አታውቅም። መገንጠያው የቱ እንደሆነም አታውቅም። ደብዛዛው መብራት ግን ከኋላዬ አልራቀም፤ ስፈጥን ይፈጥናል፣ ስቀዘቅዝ ይቀዘቅዛል። እሷ እንደሆነች ለራሴ እየነገርኩ ነዳሁ።